የጎባው የጉግስ አጥርና የጎተራው ሹም

ከዚህ በታች ከጻፍሁት ውስጥ አንዲት የውሸት ቃል ብትገኝ ብዕር የያዘ እጄ ይድረቅ፣ ፈረሴ በቆመበት ይሙት፣ ሚስቴ እኅተማርያምም ትታኝ አባቷ ቤት ትግባ። ሦስተኛውን ቀላል መሐላ ነው የሚል ቢኖር እኅተማርያምን አያውቃትም ማለት ነው። እንዲህ አጥብቄ የምምለው ወድጄ አይደለም። ጎባ ውስጥ እውነት ስናገር ጉሮሮውን የሚጠርግ፣ ጎረቤቱን በክርኑ የሚጎሽም ሰው እየበዛ ስለ ሄደ ነው። ለሌላው ሰው ምቀኛ አንድም ሁለትም ይኖረዋል፤ የእኔዎቹ ግን ቢሰለፉ ከባቱ ተራራ ሥር ተነሥተው ዲንሾ ይደርሳሉ።

ባሻ ተክለማርያም እባላለሁ። ጦራችን ዋቤን ተሻግሮ ባሌ ሲገባ ከፊት ከነበሩት አንዱ ነኝ። አንዱ ነኝ ማለቴ ለትሕትና ነው፤ ከእኔ ፊት የነበረው ጉም ብቻ ነው።

ከጎባ ወደ ሮቤ ስትወጡ፣ ቤቶቹ እንዳለቁ፣ በስተቀኝ የምታዩት ትልቅ የድንጋይ ክብ የጉግስ አጥር ነው። ካቡ ደረት ይደርሳል። ደረት ስል የእኔን ደረት ነው፤ ለሌላው ሰው አንገት ነው። በአንድ ወገን ሹማምንቱ የሚቀመጡበት፣ ከጥድ ግንድ የተሠራ ሰገነት አለ። በመስቀልና በጥምቀት ፈረሰኛው ሁለት ወገን ሆኖ እዚያ ይገባል፤ አንዱ እየሸሸ አንዱ እያባረረ ዘንግ ይወረውራል፣ በጋሻ ይመክታል፣ የወደቀ ይሳቅበታል። እንዲህ ያለ መጫወቻ በሐረርም በጅማም የለም። ሄጄ አላየሁም፤ ብሄድም አላገኝም።

አርጅቷል የሚሉ አሉ። ትንሽ አርጅቷል፣ አልክድም። ከቶጎና ወንዝ በኩል ያለው ካብ ተንዶ ላሞች ይገቡበታል። የሰገነቱን ምሰሶዎች ጭጋጉ አበስብሷቸዋል። ባለፈው መስቀል ደግሞ ነጋሪት መቺው ወለሉን ጥሶ ከነነጋሪቱ ወደ ታች ወርዷል። ሰው ይህን እያነሣ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እኔ እንደ ሰማሁት ግን ነጋሪቱ ከታችም ሆኖ አላቋረጠም።

የዚህ አጥር ጠባቂ እኔ ነኝ። ለጥበቃዬ ከካቡ እስከ ቶጎና የሚደርሰው የገብስ መሬት መደሪያ ሆኖ ተሰጥቶኛል። ደመወዝ የለኝም፤ ቀለብ አልቀበልም፤ የምበላው ከዚያ መሬት ነው። አጥሩ እስከ ቆመ ድረስ መሬቱ የእኔ ነው። አጥሩ ከፈረሰ የሚጠበቅ ነገር አይኖርም፤ የሚጠበቅ ከሌለ ጠባቂ ምን ያደርጋል ይባላል፤ መሬቱም ወደ መንግሥት ይመለሳል። በዚህ ዕድሜዬ ጦር ይዤ ሰው ደጅ ልጠና ማለት ነው። ይህን የማነሣው ለሆዴ ብዬ እንዳይመስላችሁ። እኔ የተከራከርሁት ለክብር ነው። መሬቱ ግን ከክብሩ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ፤ ምን ላድርግ።

መስቀል አልፎ ዝናቡ ገና ሳይወጣ፣ አንድ ማለዳ ከአጥሩ በኩል የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ። ጋቢዬን እየጎተትሁ ስደርስ ደምመላሽ ሰገነቱ ሥር ቆሟል። ደምመላሽ የጎተራ ሹም ነው፤ የአሥራቱን ገብስ የሚያስገባ። ባሌ ከተያዘ በኋላ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ ቤት ከተሠራ በኋላ፣ ጭቃው ከደረቀ በኋላ የመጣ ሰው ነው። ጎራዴ ይታጠቃል፤ የሚመዝዘው ግን ዱባ ሊቆርጥበት ነው። ከኋላው መጥረቢያና ዶማ የያዙ ሰዎች ነበሩ። መቶ ይሆናሉ። እሺ፣ መቶ ባይሞሉም ድምፃቸው የመቶ ነበር።

«ደምመላሽ፣ ምን እያደረግህ ነው?» አልሁት።

«እያፈረስሁ።»

«በማን ትእዛዝ?»

«በገብሱ። ጉድጓድ ውስጥ ያለው ገብስ እየሻገተ ነው። ጎተራ እሠራለሁ። ለጎተራ ድንጋይና ግንድ ያስፈልጋል። እዚህ ደግሞ ሥራ የፈታ ድንጋይና ሥራ የፈታ ግንድ አለ። ሥራ የፈታ ጠባቂም አለ።»

«ይህ የድል ምልክት ነው።»

«ይህ የነጋሪት መቺው ቁርጭምጭሚት የዞረበት ነው። የሚቀጥለው መስቀል ላይ ዳኛችን ቀኛዝማች ሲወድቁ አንተ ከሥር ሆነህ ትቀልባቸዋለህ?»

«እቀልባቸዋለሁ። ከዚህ የከበደ ቀልቤ አውቃለሁ።»

«ወሬህን ነው የምትቀልበው። ግንዱን ጣሉት» አለ ወደ ሰዎቹ ዞሮ።

ያን ጊዜ ያለችኝን አንድ ነገር ተናገርሁ። «በንጉሥ አምላክ ብዬሃለሁ፣ ደምመላሽ። ዳኛ ፊት ሳንቆም አጥሩን አትነካም።» ይህ ከተባለ በኋላ መጥረቢያ የሚያነሣ ሰው በአገራችን የለም። ሰዎቹ ዶማቸውን ሣር ላይ አስተኙ። አንደኛው እንዲያውም ደስ አለው፤ ቁጭ ብሎ ጥርሱን መፋቅ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሕግ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የተካሰሱ ሰዎች ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ድረስ ልብሳቸው ይቋጠራል፤ ቁራኛ ይባላል። አንዱ ሌላውን ጥሎ እንዳይጠፋ፣ ሲበላም ሲተኛም አብሮት እንዲቆይ ነው። የጋቢዬን ጫፍ ከጋቢው ጫፍ ጋር ቋጠርሁት። የእኔን ቋጠሮ ሰይጣንም አይፈታውም። ደምመላሽ ሊያላላው ሞከረና ጥፍሩን ጎዳ።

«ቀኛዝማች ጎባ የሉም» አለ ጥፍሩን እየጠባ። «ሮቤ ወርደዋል። ዛሬ ገበያ ነው፣ እዚያ ነው የሚያስችሉት።»

ሮቤ ያን ጊዜ ከተማ አይደለችም፤ ሰፊ የገብስ ሜዳና ረቡዕ ረቡዕ የሚቆም ገበያ ነው። መንገዱ ደኅና ሰው ከማለዳ ተነሥቶ ረፋዱ ላይ ይደርስበታል። ከጠላት ጋር ተቋጥሮ ለሚሄድ ግን ሌላ ነው።

ስንቅ ለመያዝ ቤቴ ደጅ ቆምን። ደምመላሽ ከደጃፌ አልገባም አለ፤ እኔም ያለ እሱ መግባት አልችልም። እኅተማርያም በሩ ላይ መጥታ ቋጠሮውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ባሻ፣ በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ ተጣብቀውብኝ አያውቁም» አለች።

«በቅቤ ከታሸው የገብስ ጭኮ ቋጥሪልን» አልኋት።

«ለሁለት ነው ለአንድ?»

«ለአንድ» አልሁ።

«ለሁለት አድርጊው እመቤቴ» አለ ደምመላሽ። «ባልሽ ከበላ መንገድ ላይ ያወራል። እኔ ከበላሁ ግን ልታገሠው እችላለሁ።»

«ጥሩ ጋብቻ ነው» ብላ ሁለት ቋጠሮ ጭኮ ለጂሎ ሰጠችው።

ጂሎ የመሬቱ ገባር ነው። መሬቱ ሲሰጠኝ ከነገባሩ ነው የተሰጠኝ። ያርሳል፣ ያጭዳል፣ በቅሎዬን ይስባል። ሽማግሌ ባይሆንም ሽበት ጀምሮታል። ጸሎቱን በሰዓቱ ይሰግዳል፤ አማርኛ ከኦሮምኛው ጋር እያቀላቀለ ይናገራል፤ ግን አይናገርም። ዓመት ሙሉ ተደምሮ የተናገረው አንድ እፍኝ አይሞላም። በቅሎዬን ይዞ ከኋላችን ተከተለ። በቅሎዋ ላይ ማንም አልወጣም። እኔ ብወጣ ደምመላሽ ሊጎተት ነው፤ እሱ ቢወጣ እኔ ልጎተት። እኔ ለመውጣት ፈቃደኛ ነበርሁ። እሱ እምቢ አለ።

የባሌን ጭቃ የማያውቅ ሰው መንገድ አያውቅም። ጥቁር ነው፣ ይይዛል፣ እግር ከነጠቀ አይመልስም። ጉሙ ከባቱ ወርዶ ፊታችን ላይ ተቀምጧል። ከአንድ ጋቢ ርዝመት በላይ መራራቅ ስለማንችል፣ ደረቁን ዳር ማን ይርገጥ የሚለው ጠብ ከአጥሩ ጠብ በለጠ። እኔ በደረቁ በኩል ስሆን እሱ በኩሬው ይሄዳል። ኩሬ ሳይ ሆን ብዬ ወደ ዳር እጠጋ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ቃል ገብቻለሁና አልደብቅም። እሱ ደግሞ በሄድን ቁጥር ድንገት እየቆመ ይስበኝ ነበር።

«ለምን ቆምህ?»

«ጫማዬ።»

«ጫማህ ምን ሆነ?»

«ምንም። መቆም አማረኝ።»

ትንሽ ሄደን ደግሞ «ውኃ ሽንት» አለኝ።

«እስከ ሮቤ ቻለው።»

«ተክለማርያም።»

«ድንጋይ ከካቤ ላይ ስታነሣ ለምን አላሰብህም?»

ቁጥቋጦ ሥር ተቀመጠ፣ እኔም በግድ ጀርባዬን ሰጥቼ አብሬው ተቀመጥሁ። ከበቅሎዋ በኩል ድምፅ ሰማሁ። ጂሎ የሳለ መሰለኝ።

ሜዳው ላይ ስንወጣ ደምመላሽ ነገር ጀመረ። «እስቲ ያን ተረትህን ንገረኝ» አለ። «ቀኛዝማች ፊት ስትናገረው ድንገት እንዳልስቅ አሁን ልልመደው።»

«ተረት አይደለም። አጥሩ የቆመው በእሱ ነው።»

ነገርሁት። ለእናንተም እነግራችኋለሁ። የዚያን አገር ፈረሰኞች ይመራ የነበረው ጉዬ የሚባል ነበር። ቁመቱ የጥድ ዛፍ ነው። ፈረሱ በሚሄድበት መሬቱ ይርገበገብ ነበር። ጦራችን ተሰልፎ፣ የእነሱም ጦር ተሰልፎ፣ ጉዬ ከመካከል ወጥቶ «ወንድ ካለ ይምጣ» አለ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። የጦር አበጋዛችን ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። እኔ ቀድሜ እርካብ ላይ ነበርሁ። ሦስት ጊዜ ተላለፍን። በመጀመሪያው ጦሩን በጋሻዬ ሰበርሁ። በሁለተኛው የፈረሱን ልጓም በጥርሴ በጠስሁ። በሦስተኛው ከኮርቻው አንሥቼ እንደ ነዶ መሬት ላይ አጋደምሁት። ሁለቱም ጦር ባንድ ላይ እልል አለ። አበጋዙም ወርደው፣ የፈረሶቻችንን ኮቴ ዱካ አይተው፣ «ይህ ዱካ አይጥፋ፤ ዙሪያውን ካቡት፤ ልጆቻችን በየዓመቱ ጉግስ ይጫወቱበት፤ ጠባቂውም ይህ ሰው ይሁን» አሉ። እንግዲህ አጥሩ ይህ ነው።

ደምመላሽ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ «ባለፈው መስቀል ስታወራ ፈረሱ ጥቁር ነበር» አለ። «ካቻምና ነጭ ነበር።»

«ሲመጣ ነጭ ነበር። ላቡ ነው ያጠቆረው።»

«በጥርስህ የበጠስኸው ልጓም ብረት አልነበረም?»

«ጥርሴን አላየኸውም እንዴ?»

«አየሁት። የሚቀረው ጥቂት ነው።» ቆመ፤ እኔም ሳልወድ ቆምሁ። «ስማኝ ባሻ። ሚስቴ ፀሐይ አምና የሻገተ ገብስ በልታ ሰውነቷ አብጦ ልትሞት ነበር። ጎባ ውስጥ ያ ገብስ የገባበት ቤት ሁሉ ታሟል። አንተ በዓመት ሁለት ቀን ለሚጋለብ ፈረስ ብለህ እኔ ዓመቱን ሙሉ ሰው ልቅበር?»

«ድንጋይ ከሌላ ቦታ ፈልግ።»

«ከሌላ ቦታ የሚያመጣው ማነው? እነዚህ ናቸው» ብሎ በአገጩ ወደ ጂሎ አመለከተ። «አንድ ጊዜ ተሸክመውታል። ሁለተኛ ልታሸክማቸው ነው?»

ደምመላሽ ለገባር ሲያዝን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሽሙጥ መሆኑ ገባኝ። «አንተ የጎተራ አይጥ» ብቻ አልሁት። እሱም «አንተ ባዶ ቀፎ» አለኝ። እስከ ሻያ ወንዝ ድረስ በዚህ ተጫወትን።

ሻያ ሞልቶ ነበር። ሞልቶ ስል ወንዝ አልመስል ብሎ ነበር። ከተራራው የተነቀለ ኮሶ ከነሥሩ ይወርድበታል፤ በሬ ሲያልፍ አይቻለሁ፤ ድምፁ ሰው ከሰው አያሰማም። ደምመላሽ ዳር ላይ ቆሞ ከንፈሩ አመድ መሰለ። «ዝናቡ ያባራ፣ እንጠብቅ» አለኝ። «የጎተራ ሰው ውኃ አይፈራም ብዬ ነበር፤ ገብሱን ያረጠብኸው አንተ መስሎኝ» ብዬው ገባሁ። ቋጠሮው ስለሳበው ገባ። መካከል ላይ ስንደርስ ጎርፉ እግሩን ነጠቀው። እኔ ጋቢውን ባንድ እጄ፣ አንገቱን ባንድ እጄ ይዤ፣ በእግሬ ብቻ እየቀዘፍሁ፣ ጎርፉን እየሰነጠቅሁ አወጣሁት። ጠላቴ ነው፤ ግን ቁራኛዬ ነው፤ ብለቀው መሬቴንም ክሴንም ይዞ ነው የሚሄደው። በማዶ ወድቆ ሲያስል አንድ ቃል ምስጋና አልወጣውም። ጂሎ በቅሎዋን ይዞ በኋላ ተሻገረ፤ እንዴት እንደ ተሻገረ አላየሁም፤ ዓይኔ ውስጥ ውኃ ነበር።

ሮቤ ስንደርስ ገበያው ደርቷል። ቀኛዝማች ኃይለየሱስ ከገበያው ዳር፣ አንዲት የኮሶ ዛፍ ሥር፣ የበሬ ቆዳ ላይ ተቀምጠው ያስችላሉ። ሽምግልና ያልነካቸው፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። ሁለታችን ከእግር እስከ ራስ ጭቃ ሆነን፣ አንድ ጋቢ የለበሰ ባለ አራት እግር እንስሳ መስለን ስንቀርብ ገበያተኛው ዶሮውንና ቅቤውን ትቶ ከበበን።

«ማነው ከሳሽ?» አሉ ቀኛዝማች።

«እኔ ነኝ» አልን ሁለታችንም።

«አንዳችሁ ዋሽታችኋል። ገና ሳትጀምሩ።»

ደምመላሽ ገብሱን፣ ጎተራውን፣ ነጋሪት መቺውን ተናገረ። እኔ ጉዬን፣ ዱካውን፣ የአበጋዙን ቃል ተናገርሁ። ወንዙንም ጨመርሁበት፤ የዚህን ሰው ነፍስ አድኜ ሳለ እሱ መሬቴን ይፈልጋል ለማለት። ጉዬን ከኮርቻው ሳነሣ ከበስተኋላ ያለ ቅቤ ሻጭ ቅሉን ጣለ። እንዲህ አድርጌ ተናግሬ አላውቅም።

«ነገሩ አጭር ነው» አሉ ቀኛዝማች። «ከጎባ የወጣ ትእዛዝ አለ፤ ጦሩ ድል ያደረገበት ምልክት አይነካም። ሌላው ያረጀ ካብ ለጎተራ ይውላል። እንግዲህ ባሻ የሚሉት ነገር በዚያ ቦታ ከተደረገ አጥሩ ይቆማል፣ መደሪያቸውም ይጸናል፤ ደምመላሽ ድንጋዩን ከቆላም ቢሆን ያምጣ። ካልተደረገ አጥሩ ይፈርሳል፣ መሬቱም ይመለሳል። በምን ትወራረዳላችሁ?»

«በፈረሴ» አልሁ። «ይበልጥም ካሉ ይጨመር።»

«በበቅሎዬ» አለ ደምመላሽ።

«ምስክር አለዎት ባሻ?»

አለኝ እንጂ። አንድ በአንድ ጠራሁ። ተሰማን ስጠራ ደምመላሽ «የልጁ ክርስትና አባት ነው» ብሎ ጣለው። ደጀኔን ስጠራ «ጠጅ የሚጠጣው ከባሻ ቤት ነው» አለ። ሠርከአዲስን ስጠራ «እሱ ያኔ አልተወለደም» አለ፤ ይህችኛዋ ትንሽ እውነት ነበረባት። ሌላውም፣ ሌላውም እንዲሁ። ዘመድና ወዳጅ ይጣላል፤ ሕጉ ነው። በመጨረሻ ሁለታችንም የምንቀበለው አንድ ሰው አምጡ ተባለ።

እዚህ ላይ ነው ብልሃቴ የታየው። በየዓመቱ መስቀል ሲሆን፣ እንግዶቼ በልተው ጠጥተው ሲያበቁ፣ ይህን የጉዬን ነገር እነግራቸዋለሁ። ጂሎ በሩ አጠገብ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዞ ይቆማል። ተረኩ ሲያልቅ ወደ እሱ ዞሬ «እንዲህ አይደለም ወይ ጂሎ? አንተ አይተሃል» እለዋለሁ። ጂሎም ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ይህ ስንት መስቀል ሆነ። ዘመዴ አይደለም፣ በሃይማኖት አንገናኝም፣ የአገሩ ሰው ነው፣ በዚያ ቀን የወገኑ ሽንፈት ስለ ነበር ሊያጋንንልኝ አይችልም። ከዚህ የሚሻል ምስክር ከየት ይመጣል?

«ጂሎ ይመስክር» አልሁ።

ደምመላሽ ይጥለዋል ብዬ ነበር፤ ገባሬ ነውና። ደምመላሽ ግን ወደ ጂሎ አየ፣ ረጅም ጊዜ አየው፣ ከዚያ «እቀበለዋለሁ» አለ። በልቤ ሳቅሁበት። ገብስ የሚሰፍር ሰው እንዲህ ነው፤ ክምሩን ያያል፣ ሥሩን አያይም።

ጂሎ የበቅሎዋን ገመድ ለአንድ ገበያተኛ አስያዘና መጥቶ ቆመ። ቀኛዝማች አስተርጓሚ ልጥራልህ ወይ አሉት። «ሀዬ፣ እሺ፣ ግን አያስፈልግም፣ እችላለሁ» አለ። በሃይማኖቱ አማሉት። «ወላሂ፣ ያየሁትን ነው የምናገር» አለ። ጌታውን ፈርቶ እንዳይሆን ብለው ከእኔ ራቅ አድርገው አቆሙት፤ ምን ያስፈራዋል ብዬ ፈገግ አልሁ።

«ከቅርቡ እንጀምር» አሉ ቀኛዝማች። «ከኋላቸው ነበርህ። ሻያ ላይ ምን ሆነ?»

ጂሎ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ከጉልበቱ ትንሽ ዝቅ አደረገው።

«ውኃው እዚህ ነበር ጌታዬ» አለ። «ባሻን ድንጋይ አዳለጣቸው። ወደቁ። ያነሧቸው አቶ ደምመላሽ ናቸው።»

ከገበያተኛው መካከል አንድ ሰው ሳቀና ሌላው ጎሸመው። ደምመላሽ ቋጠሮውን ያይ ነበር። እኔ «ጉም ስለ ነበር በደንብ አላየም» ልል አፌን ስከፍት ቀኛዝማች እጃቸውን አነሡ።

«የጉዬንስ ነገር ታውቃለህ? ባሻና ጉዬ በፈረስ የተጋጠሙትን?»

«ላኪ» አለ ጂሎ። አይደለም ማለቱ ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ስለ ነበር ከበስተኋላ የቆሙት ጠጋ አሉ።

«ምኑ ነው ያይደለው?»

«ጉዬ ወንድሜ ነው፣ ጌታዬ። ፈረስ አልነበረውም። ያ ቦታም ጦርነት አልተደረገበትም። የአባቴ የከብት በረት ነው። ካቡን የካበው አባቴ ነው፣ ከእሱ በፊትም አያቴ። የእናንተ ሰዎች ሰገነቱን ጨመሩበት።»

«ጉዬ እዚያ ምን ሊያደርግ መጣ?»

«ከብታችንን ሁሉ ጦሩ ነድቶት ነበር። ልጆቹ ወተት ብለው ያለቅሳሉ። አንዲት የምትታለብ ላም እንዲመልሱለት ሊለምን በእግሩ መጣ። እርጥብ ሣር ነቅሎ በሁለት እጁ ይዞ ነበር፤ እኛ ዘንድ ሣር የያዘ ሰው አይነካም። በሩ ላይ የቆመው ወታደር ግን ሣሩን አላወቀውም። ተኮሰበት። እኔ ካቡ ሥር ተኝቼ አየሁ።»

ገበያው ውስጥ አንድ በግ ይጮኻል።

«ወታደሩ ባሻ ናቸው?» አሉ ቀኛዝማች።

«አይደሉም። ሌላ ሰው ነው፤ ስሙን አላውቀውም።»

«ታዲያ ባሻ የት ነበሩ?»

ጂሎ ወደ እኔ ዞሮ አላየም። ድምፁንም አላነሣም።

«እንጃ ጌታዬ። ባሻ የመጡት ጦሩ ሰፍሮ ከቆየ በኋላ ነው፣ በርበሬ ከጫኑት በቅሎዎች ጋር። ጭነቱን ያራገፍሁት እኔ ነኝ።»